ስሙ ካልተጠራ የማይናገር ሰው

አርባ ዓመት ሙሉ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔ ጡረታ ብወጣም አፌ ግን እምቢ አለ። የከተማዬ የዊሎ ዌል ሰዎች ይህን ፊት ለፊት ይነግሩኛል፤ እኔም አልክድም። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ በታች በሰው ቤት ጉዳይ ዘው ስል ብታገኘኝ አትደነቅ።

ነገሩ የጀመረው ቆሻሻ መጣያው ጋ ነው። በእኛ ከተማ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ከሰው የሚገናኘው እዚያ ነው፤ የሚጣል ነገር የሌለው እንኳ ከቤቱ ፈልጎ ይመጣል። የተሰበረ ባልዲዬን ይዤ ስደርስ ክላሪ ኦስትለር ከፒክአፑ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ሲያወርድ አየሁት። የሟች ባለቤቱ የኖላ መኪና ነበረች።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ? የኖላን መኪና ነው የምትጥለው?»

«ደህና አደርሽ ማቪስ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ደህናውን ተወውና ንገረኝ፤ ምን ሆነህ ነው?»

ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና መሬት መሬቱን አየ። «ልሄድ ነው። ሐኪሙ ዓይንህ ለመንዳት አይበቃም ብሎኛል። መንጃ ፈቃዴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ሮዝሊን የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መጥታ ወደ አደላይድ ትወስደኛለች። አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ክፍል አግኝታልኛለች።»

«አንተስ መሄድ ትፈልጋለህ?»

«የምፈልገውንማ ማን ጠየቀኝ?» አለና ወዲያው ደግሞ ለልጁ ተቆርቁሮ፣ «እሷ ምን ታድርግ፤ እውነቷን ነው። ከከተማ ሰባ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው የምኖረው። ሰኞ ብወድቅ ሐሙስ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ነው የሚያገኘኝ» አለኝ።

ክላሪ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ያን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ ስልሳ ዓመት ኖሮበታል። መሬቱን ለጎረቤት አከራይቶታል እንጂ ቤቱ፣ ዶሮዎቹና የጓሮው አትክልት እስካሁን በእሱ እጅ ናቸው። የራሱን ምግብ ያበስላል፣ የራሱን ልብስ ያጥባል። ሰው የሚያየው ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ አረጋውያን ማዕከላችን ለምሳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱም ሊቀርበት ነው። የእኛ አገር ሰው ደግሞ እግሩ ተቆርጦ እንኳ «ምንም አይደል፣ ይሻለኛል» የሚል ነው። ሰው ማስቸገርን እንደ ሌብነት ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ ጠባያችን ስናደድ ነው የኖርኩት፤ ያን ዕለትም ደሜ ፈላ።

«መኪናዋን መልሰህ ጫን» አልኩት።

«ማቪስ...»

«ጫን ብዬሃለሁ! ከዚያ ተከተለኝ።»

የዊሎ ዌል አረጋውያን ማዕከል ማለት አንድ አዳራሽ፣ አንድ ወጥ ቤትና አንድ ፕራቲማ ማለት ነው። ፕራቲማ ከኔፓል የመጣች የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት፤ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ተምራ እዚህ አቧራችን ውስጥ ሥራ አገኘች። ስትመጣ የማዕከሉ አባላት ግማሾቹ መንዳት አቁመው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። እሷም የስልክ ጠዋት የሚባለውን ጀመረች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ አንድ ቁጥር ይደውላል፤ አንድ መስመር ላይ ሆነው ሁሉም ይሰማማሉ። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስፖርት፣ ከዚያ ጨዋታ፤ ረቡዕ ጋዜጣ ይነበባል፣ ዓርብ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ።

ፕራቲማ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና «ጋሽ ክላሪ፣ መኪና መንዳት ቢያቆሙም ማዕከሉ አይቀርብዎትም። ወደ እርስዎ ይመጣል» አለችው።

«አዳራሹን ነቅላችሁ?»

«በስልክ ነዋ።»

«የኔ ልጅ፣ ስልክ እኮ ሰው ሲሞት የሚደወልበት ነገር ነው።»

«ለዚያ ነው ሲጮህ የሚደነግጡት። ሰው በሕይወት እያለም ይደወልለታል እኮ።»

ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ያዘው። «እሺ፤ ስፖርቱስ? የሚያየኝ ሰው ሳይኖር ብለግምስ?»

«ጉልበትዎ ያሳብቅብዎታል! በየወሩ እየመጣሁ እቆጥራለሁ። እስቲ አሁን እጅዎን ሳያስደግፉ ከወንበሩ ይነሱና ይቀመጡ፤ በሠላሳ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚችሉ እንይ።»

ተነሳ፣ ተቀመጠ፤ ተነሳ፣ ተቀመጠ። በአምስተኛው ላይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ለቀም አደረገ።

«አምስት» አለች ፕራቲማ። «ከደዋዮቻችን አንዷ እትዬ ግዌን በዘጠና ዓመታቸው አሥራ አንድ ናቸው።»

«ግዌን ድሮም ቁጭ ብላ አታውቅም» አለና ላቡን ጠረገ። ከዚያ ግን ፊቱ ከበደ። «አንቺ ልጅ፣ ቅን ልብ እንዳለሽ አያለሁ፤ አትቀየሚኝ። ጨዋታ ማለት ፊት ለፊት ነው። የሰው ፊት ሳላይ፣ እጁን ሳልጨብጥ፣ ከሽቦ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ሰምቼ ተጫወትኩ ልል አልችልም። ራስን ማታለል ይመስለኛል።»

«አልቀየምም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እናቴን ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ። ተራራ ላይ ነው የምትኖረው። በየቀኑ ትደውልልኝና ስልኩን የዱቄቱ ጣሳ ላይ አስደግፋ ሥራዋን ትሠራለች። እኔም እዚህ ሰሐኔን አጥባለሁ። ብዙውን ጊዜ አናወራም እኮ፤ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እሰማታለሁ፣ እሷም የእኔን ውኃ ትሰማለች። አጠገቧ ብሆን ይሻላል ወይ? በጣም ይሻላል! ግን አጠገቧ መሆን ካልቻልኩ ልተዋት ነው ወይ?»

እኔ ግን ዝም ማለት የት አውቅበት።

«አንተ ደግሞ» አልኩት፣ «የሽቦ ድምፅ አያጫውትም የምትለው አንተ ነህ? እናትህ የሬዲዮኑን የበቀቀን ሰዓት ስትጠብቅ እንዴት ትሆን እንደነበር ረሳኸው?»

ያን ጊዜ በየእርሻው ስልክ አልነበረም፤ የነበረው የመገናኛ ሬዲዮ ነው። የሐኪሙ ምክርና የቴሌግራሙ መልእክት ካለቁ በኋላ አንድ ሰዓት ለሴቶቹ ወሬ ይለቀቅ ነበር፤ ብዙ ወፍ አንድ ዛፍ ላይ እንዳረፈ ስለሚንጫጩ የበቀቀን ሰዓት አልነው። እንጀራ ፈላጊ ባሎች በበግ ኋላ ሲዞሩ እነዚያ ሴቶች ሳያብዱ የኖሩት በዚያች ሰዓት ነው።

«እናቴ ምርጫ አልነበራትም» አለ ክላሪ።

«አንተስ አለህ?»

በመጨረሻ፣ «አንድ ሳምንት እሞክራለሁ» አለ።

እዚያው ለሮዝሊን ደወልኩላት። ትምህርት ቤት ለራቃቸው የእርሻ ልጆች በዚያው መገናኛ ሬዲዮ ሳስተምር ያስተማርኳት ተማሪዬ ናት፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቷት እንኳ ድምፄን ስትሰማ ቀጥ ትላለች። «ሚስ ኮልተር» አለችኝ፣ «እኔ አባቴን ከቤቱ መንቀል ደስ ብሎኝ አይደለም። እንቅልፍ አጥቼ ነው። በየቀኑ ድምፁን የሚሰማ ሰው ካለ ይቆይ። ከሌለ ግን የዛሬ ሁለት ሳምንት እወስደዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርስዎም አይከራከሩኝ።» ቃል ገባሁላት።

የክላሪ ሙከራ ሰኞ ተጀመረ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ፕራቲማ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ፊቷ ጥቁርቁር ብሏል።

«ጋሽ ክላሪ ዛሬ አልደወሉም» አለችኝ። «ደውዬላቸው ደህና ነኝ፣ አታስቢ ብለው ዘጉት። መቼም ጠልተውናል። ሦስቱንም ቀን ደህና አደራችሁ ብለው ከዚያ ትንፍሽ አላሉም።»

«ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ» አልኳት።

ሰባውን ኪሎ ሜትር በአቧራ ውስጥ በረርኩት። ክላሪን በረንዳው ላይ ስኒዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ሲደረድር አገኘነው። ስናደድ ማዘኔን ማንም አያውቅብኝም።

«ቃል ሰጥተኸኝ አልነበረም?» አልኩት።

«ጠብቄአለሁ እኮ ማቪስ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ።»

«ምኑን ነው የጠበቅኸው?»

«ሲጠሩኝ ነዋ።» ስኒውን አስቀመጠ። «እንደ ወጉ ‹ደህና አደራችሁ፤ ክላሪ ነኝ፤ ተቀበል› አልኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። ግዌን ስለ ድመቷ አወራች። ያ ሌላውም ስለ ወገቡ አወራ። ስሜን የጠራ የለም። በማግስቱም እንዲሁ። ሰው ካልጠራኝ ምን አገባኝ ብዬ መሃል እገባለሁ? አልፈለጉኝም፤ አለቀ።»

«ጋሽ ክላሪ!» አለች ፕራቲማ በድንጋጤ። «እኛ እኮ እርስዎ ማውራት ያልፈለጉ መስሎን ነው! ያሻው ሰው ዝም ብሎ ይናገራል እኮ።»

«ሳይጠራ?»

ግንባሬን በመዳፌ መታሁት። ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ! በዚያ ሬዲዮ ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ የሁለቱም ድምፅ ይበላሽና የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ሕግ ነበረን፤ ስምህ ሳይጠራ አትናገርም፤ ተናግረህ ስትጨርስ «ተቀበል» ብለህ የመናገሪያውን ቁልፍ ትለቃለህ። ይህን ሕግ አርባ ዓመት ለልጆች ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ። ክላሪ ደግሞ በዚያ ሕግ ያደገ ሰው ነው። እኔ ካልነገርኳት ፕራቲማ ከየት ታውቀዋለች? ግዌንም ቢሆን ከከተማ የመጣች ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አንዱ በጨዋነት ሲጠብቅ ሌሎቹ በጨዋነት ሲተዉት ከረሙ።

ነገሩን ሳስረዳ ፕራቲማ ሳቅም እንባም መጣባት። ክላሪ ግን አልሳቀም።

«ቢጠሩኝስ ምን ልላቸው ኖሯል?» አለ ቀስ ብሎ። «ሬዲዮኑ ላይ የምትናገረው ኖላ ነበረች። እኔ ሃምሳ ዓመት አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ እንጂ ቁልፉን አልነካሁትም። ወሬዬን ይዛው ሄደች።»

ለዚህ መልስ ያገኘችው ፕራቲማ ናት።

«ጋሽ ክላሪ» አለች፣ «አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዳፍኒ የሚባሉ አሉ፤ አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ይደውላሉ። ከአፋቸው ‹ደህና ነኝ› ከሚለው ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ዓይናፋር ናቸው ብዬ ተውኳቸው። ማንም ስላልጠራቸው ይሆናል! ሁለትና ሦስት ሰው ሰዓቱን ይጨርሰዋል፤ ሌላው ሰምቶ ይዘጋል። የእርስዎ ሕግ ከእኔ አሠራር ይበልጣል። ነገ ጠዋት ስሙን እርስዎ ይጥሩልኝ።»

«እኔ?»

«ወሬ አያስፈልግዎትም። መጥራትና መጠበቅ ብቻ ነው። በመጠበቅ ደግሞ ከእርስዎ የሚበልጥ የለም።»

ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። «ስንት ሰው ነው?» አለ።

«ከእርስዎ ጋር አሥራ አራት።»

«በወረቀት ጻፊልኝ፤ በትልቁ።»

በማግስቱ እኔም ቤቴ ሆኜ ደወልኩ። ስፖርቱ እንዳለቀ የክላሪ ድምፅ መጣ፤ የበግ መንጋ እንደሚቆጥር ሰው የተረጋጋ ነበር። አንድ በአንድ ጠራ። «ዳፍኒ ሮበክ፣ ተቀበል» ሲል መስመሩ ጸጥ አለ። ፕራቲማ ቢሆን ኖሮ አዝናላት ወደሚቀጥለው ታልፍ ነበር። ክላሪ ጠበቀ። ጠበቀ። ከዚያ ዳፍኒ ሎሚዋ ማበቡን ተናገረች፤ ሎሚውን የተከለው ልጇ መሆኑን፣ ልጇ ከሞተ ዘንድሮ አሥር ዓመቱ መሆኑን ተናገረች። ግዌን መሃል ልትገባ «ውይ የኔ እህት፣ የኔም ሎሚ...» ስትል፣

«ግዌን፣ ተራሽ አልደረሰም» አለ ክላሪ። «ዳፍኒ፣ ቀጥዪ። ተቀበል።»

ግዌን ዝም ስትል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሮዝሊን ባዶ ካርቶኖች የተጫኑበት ተጎታች መኪናዋ ላይ አስራ ደረሰች። እኔ ቀደም ብዬ ሄጄ ነበር፤ ለክርክር ተዘጋጅቻለሁ። አባቷን አቅፋ ሳመችውና ማሸጊያውን ፕላስተር በእጇ ይዛ ገባች።

«ሁለት ሰዓት ሆኗል» አለ ክላሪ። «ሥራ አለብኝ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። በሩ ላይ እንደቆመች አባቷ ባቄላ የታሸገባቸውን ሁለት ጣሳዎች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ፣ ከዚያም እጁን ሳያስደግፍ ከወንበሩ ሲነሳና ሲቀመጥ አየችው። ሰባት ጊዜ። ከዚያ መነጽሩን አደረገና መጥራት ጀመረ። ዘጠኝ ሰው አለፈ።

«ስታን ዴምፕሲ፣ ተቀበል።»

ምንም።

«ስታን ዴምፕሲ፣ ክላሪ ነኝ፤ ተቀበል።»

ከመስመሩ ላይ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ስታን ልቡን የታመመ ብቸኛ ሰው ነው። የሮዝሊን ፊት ነጣ።

«ፕራቲማ፣ ለጎረቤቱ ደውዪ» አለ ክላሪ ድምፁን ሳይለውጥ። «የቀራችሁት መስመሩን እንዳትዘጉ። እንቀጥላለን። ግዌን፣ ያን የድመትሽን ነገር ንገሪን፤ ዛሬ ረዘም ማድረግ ትችያለሽ።»

ምስኪን ግዌን አወራች። በአሥረኛው ደቂቃ ፕራቲማ ተመለሰች፤ እየሳቀች ነበር።

«ደህና ናቸው! ፍየላቸው የስልኩን ገመድ በልታባቸው ነው! ጎረቤታቸው ሲደርስ በዱላ እያባረሯት ነበር። ሰላም ብለዋችኋል፤ ፍየሏን የሚገዛ ካለ ንገሩኝም ብለዋል።»

አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ሽቦ ሲስቅ ሰምተህ ታውቃለህ? ተመስገን! እኔ ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ። ሮዝሊን ግን ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ክላሪ ከዘጋ በኋላ፣ «በቃ በአሥር ደቂቃ ታወቀ?» ብላ ጠየቀች።

«ይታወቃል» አላት። «እኔም ብቀር እንዲሁ።»

«እኔ እሑድ እሑድ እደውልልሃለሁ። ደህና ነኝ ትለኛለህ፤ እዘጋዋለሁ።»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው» አለ ክላሪ።

አስተማሪነቴ አላስቻለኝም። «ስሚ ሮዝሊን» አልኳት፣ «ያገኘሽለት መኖሪያ ጥሩ ይሆናል፤ ለብዙ ሰውም ያስፈልጋል፤ አባትሽም አንድ ቀን ያስፈልገው ይሆናል። ያን ጊዜ እኔው ራሴ ካርቶኑን አሽጋለሁ። ዛሬ ግን ተመልከቺው። ጉልበቱ በሁለት ሳምንት ከአምስት ወደ ሰባት ወጥቷል፤ ጉልበት የጠና ሰው ቶሎ አይወድቅም። ቢወድቅ ደግሞ ቀኑ ሳይነጉድ ይታወቃል። ጠዋት ተነስቶ ጢሙን የሚላጭበት ምክንያት አግኝቷል፤ በስልክ ማን ሊያየው? ግን ይላጫል! አራት ወር ዝም ያለችን ሴት ያናገረ እሱ ነው። ሰው እሱን እየጠበቀው ከቤቱ ብታወጪው፣ አሥራ ሦስቱንም ከቤታቸው እንዳወጣሽ ቁጠሪው።»

«ሚስ ኮልተር፣ እንዳይከራከሩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ» አለች።

«አልተከራከርኩም። አስተማርኩ።»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ አባቷን፣ «ያን ወረቀት እስቲ ስጠኝ» አለችው። የስም ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከአሥራ አራቱ ስም ሥር፣ በትልቁ፣ አሥራ አምስተኛ ስም ጻፈች። ካርቶኖቹን ባዶአቸውን ይዛ ተመለሰች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ወላጅህ ሩቅ ከሆነ፣ ጎረቤትህ ብቻውን ከሆነ፣ አጠገቡ መቀመጥን የሚተካ ነገር አለ ብዬ አልዋሽህም። መሄድ ከቻልክ ሂድ። ካልቻልክ ግን አለመቻልህን ምክንያት አድርገህ አትተወው፤ አንድ ሰዓት ቁረጥ፣ በስሙ ጥራው፣ እስኪመልስም ታገስ። እኔ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ደወልን። ክላሪ አሥራ አራቱን ከጨረሰ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሮዝሊን ኦስትለር፣ አደላይድ፣ ተቀበል።»

«አለሁ አባዬ» አለች። «ዛሬ ወደ ሥራ ስሄድ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። ለሃምሳ ዓመት ያላወራችው ነገር አንድ ላይ መጥቶባት ይሁን፣ እንጃ፣ መቀጠል አቃታት። «ተቀበል» አላለችም። መስመሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ግዌን እንኳ ትንፋሿን ያዘች።

ክላሪ ሌላ ስም አልጠራም። ልጁ እስክትጨርስ ጠበቃት።